ካሳ ኃይሉና የመምህራኑ መሬት

መተማ በረሃ የሚያስተምር አንድ ዘመዴ ከዓመታት በፊት ስለ ደረጃ ዕድገቱ ሲያማርር አመሸ። ከጀማሪ መምህርነት ተነስቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህርና በተባባሪ መሪ መምህር በኩል መሪ መምህርነት ላይ የሚያደርሰው መሰላል በመመሪያው ላይ ግልጽ ነው። የእሱ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ግን ሳይፈረምበት መዝገብ ቤት ከርሟል። ሕግ ስለተማርኩ መላ እንድፈልግለት ፈልጎ ነበር። የእኔ ሐሳብ ግን ከዚያው ቆላ ወደወጣ የጥንት ተማሪ ሄደ።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለደ። እናቱ ኮሶ ሻጭ ነበረች የሚለው የጠላቶቹ ስድብ ዕድሜ ልኩን ተከትሎታል። በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ሲማር ቦታው በመሳፍንቱ ጦርነት ተወርሮ ለጥቂት ከሞት ተረፈ። በዚያው ቆላ በሚገኘው በማኅበረ ሥላሴ ገዳምም እንደተማረ ይነገርለታል።

በዚያ ዘመን የመምህርነት ዕድገት ቅጽ አልነበረውም። ተማሪው ዳዊት ደግሞ፣ ዜማና ቅኔ ዘልቆ ወደ ምስክር ቤት ይሄዳል፤ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ። የመምህሩ ምስክርነት ዲፕሎማው ነው። ከዚያ አንድ ደብር ከተቀበለው መሬት ይሰጠዋል፤ እያደር መሪጌታ፣ ሲቀናውም አለቃ ይባላል። መሬቱ ደመወዙ ነበር። አገልግሎቱን ካቆመ ለተተኪው ያልፋል። በሕግ ዓይን ካየነው ከብዙ የዛሬ የሥራ ውሎች ያልተናነሰ ውል ነው።

ካሳ የወጣው በሌላ መሰላል ነው። ከደጃዝማች ክንፉ ዘንድ ጦርነት ተማረ፣ ሸፈተ፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የግብፅ መድፍ ሠራዊቱን ሲፈጀው አየ። ከጉር አምባ እስከ አይሻልና ደረስጌ ያለው ድል የታወቀ ነው፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ወታደሩን ከዘረፋ ለማላቀቅ ቀለብ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ሰፊው መሬት ያለው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን እጅ ነው። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ ከእነሱ ማደሪያ የተረፈው ለገባር ይሁን አሉ። በበኩሌ ንጉሡ ግብር መፈለጋቸውን አልነቅፍም፤ ካህናቱም ሁሉ አገልጋይ አልነበሩም። ሆኖም አምስቱን ሰዎች ስንቆጥር ደብተራው አልገባም። ዜማውን የሚያዜመው፣ ቅኔውን የሚያስተምረው፣ መጽሐፍ የሚገለብጠው እሱ ነው። ቄስና ዲያቆን የተቆጠረው ለቅዳሴ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ የታሰበ ማደሪያ አልነበረም። ካህናቱ አደሙ፤ አቡነ ሰላማም ኋላ መቅደላ ታስረው እዚያው አረፉ።

የሚገርመው ንጉሡ የመምህርን ዋጋ አለማወቃቸው አይደለም። ጋፋት ላይ ከባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪስኮና የመጡትን ባለእጆች አክብረው አኑረዋል፤ የአገሬውን ወጣቶችም እንዲያሠለጥኑ አድርገዋል። ደባርቂ ላይ ያዩትን መድፍ የሚያወጣ መምህር ሹመትና ሽልማት አገኘ፤ ሴባስቶፖልም ከዚያ ወጣ። ማኅሌት የሚያስተምረው ግን ማደሪያውን አጣ።

በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። ካሳ ፊደል ባስተማረው ወገን ላይ የወረደ ቅጣት ነው ብዬ ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፤ ሌላ ስም ግን አላገኘሁለትም። የአድባራቱ መጻሕፍት ተጭነው መቅደላ ወጡ። እዚያ በመድኃኔ ዓለም ስም ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ለማቋቋም አስበው ነበር ይባላል፤ ምናልባትም ከአዲስ መምህራን ጋር። ጊዜ አላገኙም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሲሰብር በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። የእንግሊዝ ወታደሮች የዘረፉትን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወረዱ፤ ከመጻሕፍቱም 350 ያህሉ ለንደን ገቡ።