አሮጌ ኦርጋኖችን ከመፍረስ የታደጉት ሐኪም

የዶክተር አልበርት ሽዋይትዘር ስም ሲነሣ ብዙዎች የሚያስታውሱት በጋቦን ደን ውስጥ ያቋቋሙትን ሆስፒታልና የኖቤል የሰላም ሽልማታቸውን ነው። ሐኪሙ ግን ሌሊቶቻቸውን የሠዉለት ሌላ ሥራም ነበራቸው፤ እርሱም በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ ጥንታዊ የቧንቧ ኦርጋኖችን ከመፍረስ መታደግ ነው።

እዚህ ላይ ኦርጋን ስንል በየሰርጉ የምናየውን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መሣሪያ ማለታችን አይደለም። የቧንቧ ኦርጋን ግድግዳ የሚያህል ሲሆን ከእንጨትና ከብረታ ብረት የተሠሩ በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠሩ ቧንቧዎች አሉት። እያንዳንዱ ቧንቧ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ነፋሱን የሚሰጠው ወናፍ ነው፤ አንጥረኛ እሳቱን ከሚያናፋበት በመጠን እንጂ በአሠራር ብዙ አይለይም። በቀደመው ዘመን ሙዚቀኛው ሲጫወት ወናፉን በእግራቸው የሚረግጡ ሰዎች ነበሩ።

ሽዋይትዘር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1875 ካይዘርስበርግ በምትባል የአልሳስ ከተማ ተወለዱ። አልሳስ ያን ጊዜ በጀርመን ሥር ነበረች፤ ዛሬ የፈረንሳይ ናት። ያደጉት አባታቸው ፓስተር ሆነው ባገለገሉባት በጉንስባህ መንደር ነው። የእናታቸው አባት ለኦርጋን ልዩ ፍቅር ነበራቸው፤ ፍቅሩ ወደ ልጅ ልጃቸው ተላለፈ። ሽዋይትዘር እግራቸው መርገጫው ላይ በቅጡ ሳይደርስ በስምንት ዓመታቸው ኦርጋን መማር ጀመሩ፤ በዘጠኝ ዓመታቸውም በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛውን ተክተው ተጫወቱ። በ1893 ፓሪስ ሄደው ከታዋቂው ሙዚቀኛ ከሻርል ማሪ ቪዶር ተማሩ።

በ1896 ሽቱትጋርት ከተማ ውስጥ ብዙ የተወራለትን አዲስ ኦርጋን ሰሙ። ድምፁ ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን ዜማዎቹ እርስ በርስ ተደባልቀው አንዱን ከሌላው መለየት አልተቻለም። ሃያ አንድ ዓመት የሆናቸው ወጣት ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጌውንና አዲሱን እያነጻጸሩ ምክንያቱን ፈለጉ። የደረሱበትም ይህ ነው፦ ነፋስ በሞተር እንደልብ ሲገኝ ሠሪዎች ግፊቱን እየጨመሩ ጥቂት ቧንቧዎችን ማስጮህ ያዙ። ዋጋ ለመቀነስም ቧንቧው እየሳሳ በፋብሪካ ይመረት ጀመር። የቀደሙት ባለሙያዎች ግን ነፋሱ ውስን ስለነበረ እያንዳንዱን ቧንቧ ወፍራምና የጠራ ድምፅ ያለው አድርገው ይሠሩት ነበር።

ይህን በ1906 በትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1909 ደግሞ ቪየና ላይ በተካሄደ ጉባኤ ዓለም አቀፍ የኦርጋን አሠራር ደንብ እንዲወጣ ከሌሎች ጋር ደከሙ።

እጅግ ያስለፋቸው ግን ሰዎችን ማሳመኑ ነበር። ጥገናው ራሱ የታወቀ ሙያ ነው፤ ቧንቧዎቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፣ አቧራቸው ይጠረጋል፣ የጎበጠው ይቃናል፣ የተሰነጠቀው የነፋስ ሣጥን ይጠገናል፣ የወናፉ የበግ ቆዳ ይለወጣል። ኮሚቴዎች ግን አዲስ መግዛትን እንደ ክብር፣ ማስጠገንን እንደ ድህነት ያዩት ነበር። በየገጠሩ በአንዲት ዕቃ ጉድለት የቆመ የውኃ ፓምፕ ያየ ሰው ነገሩን አያጣውም። ሽዋይትዘር ለጳጳሳት፣ ለከንቲባዎችና ለአጥቢያ ኮሚቴዎች እጅግ ብዙ ደብዳቤ ጻፉ፤ በራሳቸው ጊዜ እየተጓዙ ኦርጋኖችን መረመሩ፤ ንድፍም አወጡ። ብዙ ጊዜ ተረቱ፤ በወረቀት ላይ ያማረው የፋብሪካ ኦርጋን አሸነፈ። በብዙ ድካም መጀመሪያ ያተረፉት በስትራስቡርግ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን፣ ዮሐን አንድሬያስ ዚልበርማን በ1741 የሠሩትን ኦርጋን ነው። ሞዛርትም በ1778 ተጫውቶበታል።

በሠላሳ ዓመታቸው ሕክምና ለማጥናት ወስነው በ1913 ከባለቤታቸው ከሄለነ ጋር ወደ ላምባሬኔ ተጓዙ። የፓሪስ የባህ ማኅበር የእግር መርገጫ ያለው፣ ምስጥና እርጥበት እንዳይጎዳው በዚንክ የተለበጠ ፒያኖ ሰጣቸው። የመጀመሪያው የሕክምና ክፍላቸው የዶሮ ቤት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ዜጋ በመሆናቸው ተይዘው ፈረንሳይ በታሰሩ ጊዜ ጠረጴዛን እንደ ኦርጋን፣ ወለሉን እንደ መርገጫ ቆጥረው ያለ ድምፅ ይለማመዱ ነበር። በ1920 በስዊድን በንግግርና በኦርጋን ዝግጅት ያገኙት ገንዘብ የሆስፒታሉን አስቸኳይ ዕዳ ከፈለ። ስለዚህ ኦርጋኑ ለሐኪሙ ውለታ መላሽ ሆነ ማለት ይቻላል።

በ1924 ተመልሰው ሆስፒታሉን ወደ ሰፊ ቦታ ሲያዛውሩ ደን መንጥረው አትክልት አለሙ፤ የፍራፍሬ ዛፍም አበዙ። ማንም የሚፈልገውን ከቀጠፈ መስረቅ አያስፈልግም የሚል ሐሳብ ነበራቸው። የኖቤል ሽልማቱን ገንዘብ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር መሥሪያ አዋሉት።

ነቀፋም አልቀረላቸውም። አፍሪካውያንን እንደ ታናሽ ወንድም ማየታቸው ለነፃነት በሚታገል ትውልድ ዘንድ አስቆጥቷል፤ ሆስፒታላቸውን ለማዘመን መዘግየታቸውም አስወቅሷል። በእኔ አስተያየት ነቀፋው ተገቢ ነው፤ አሮጌውን የመጠበቅ ጽናት ለዚልበርማን ኦርጋን ሕይወት ቢሆንም ለሕሙማን ሁልጊዜ አይበጅም።

ለጉንስባህ ቤተ ክርስቲያን በእርሳቸው ንድፍ የተሠራው ኦርጋን በ1961 ተጠናቀቀ። ሽዋይትዘር በመስከረም 4 ቀን 1965 በዘጠና ዓመታቸው ላምባሬኔ ውስጥ ዐርፈው እዚያው ተቀበሩ። በጉንስባህ የነበረው ቤታቸው ዛሬ ሙዚየም ሲሆን፣ በቅዱስ ቶማስም እርሳቸው በጀመሩት ልማድ መሠረት ዮሐን ሴባስቲያን ባህ በሞተበት ዕለት፣ በየዓመቱ በሐምሌ 28፣ ኦርጋኑ ይደመጣል።