ጄረሚ ብሬት

ጄረሚ ብሬት (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1933 – ሴፕቴምበር 12 ቀን 1995) እንግሊዛዊ የመድረክ፣ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናይ ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው ግራናዳ የተባለው የብሪታንያ ቴሌቪዥን ኩባንያ ከ1984 እስከ 1994 ባቀረበው የወንጀል ምርመራ ተከታታይ ድራማ ላይ መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስን ሆኖ በመጫወቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ብሬት የተወለደው በመካከለኛው እንግሊዝ በምትገኘው በርክስዌል መንደር ነው። የትውልድ ስሙ ፒተር ጄረሚ ዊልያም ሀጊንስ ሲሆን አባቱ የጦር መኮንን፣ እናቱ ደግሞ በቸኮሌት ሥራ ከታወቀው የካድበሪ ቤተሰብ ነበረች። የተማረው በኢተን ትምህርት ቤት ነው፤ ነገር ግን ማንበብ ይከብደው ነበር። በወጣትነቱ የያዘው የሩማቲክ ትኩሳትም ልቡን ጎዳው። ትወናን ሙያው ለማድረግ ሲወስን አባቱ የቤተሰቡ ስም በመድረክ እንዲጠራ ስላልፈለገ ስሙን ለወጠ።

የትወና ሥራ

በለንደን ትወና ከተማረ በኋላ በታላላቅ ቴአትር ቤቶች ሠርቷል። በ1956 «ጦርነትና ሰላም»፣ በ1964 ደግሞ «ማይ ፌር ሌዲ» በተባሉት ፊልሞች ተጫወተ። በ1980 በሎስ አንጀለስ መድረክ የሆምስን ጓደኛ ዶክተር ዋትሰንን ሆኖ ሠርቷል።

ሼርሎክ ሆምስ

የግራናዳ አዘጋጆች ዓላማ ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል ወደ ጻፈው ታሪክ መመለስ ነበር። ለዚህም የለንደኑን ቤከር ስትሪት የሚመስል መንገድ በማንችስተር አሠሩ። ብሬት ዋናውን መጽሐፍ ወደ ቀረጻ ይዞ እየመጣ፣ ጽሑፉ ከታሪኩ ሲርቅ ይከራከር ነበር። በቀድሞ ፊልሞች አንዳንዴ እንደ ሞኝ ይታይ የነበረው ዋትሰንም በዴቪድ በርክ፣ ቀጥሎም በኤድዋርድ ሃርድዊክ ተጫውቶ አስተዋይ ወዳጅ ሆኖ ቀረበ።

በመጽሐፉ ሆምስ ኮኬይን ይወስዳል። ብሬት ድራማውን ሕፃናት እንደሚከታተሉት ሲረዳ የደራሲውን ልጅ አስፈቅዶ፣ በ1988 በታየ አንድ ክፍል ሆምስ መርፌውን አሸዋ ውስጥ ሲቀብር እንዲታይ አደረገ።

ሕመምና ሞት

ሁለተኛ ሚስቱ ጆን ዊልሰን የብሪታንያን የወንጀል ድራማዎች ለአሜሪካ ተመልካች ታቀርብ የነበረች የቴሌቪዥን አዘጋጅ ነበረች። በ1985 በካንሰር ሞተች። በቀጣዩ ዓመት ብሬት የአእምሮ ሕመም ጠንቶበት ሆስፒታል ገባ፤ ሕመሙም ከልክ ያለፈ ደስታና ከባድ ጭንቀት የሚፈራረቁበት ባይፖላር እንደሆነ ታወቀ። የሚወስደው ሊቲየም የተባለው መድኃኒት ሰውነቱን ስላሳበጠው ለውጡ በድራማው ላይ ይታይ ነበር። እሱ ግን ሥራውን አላቆመም፤ እንዲህ ያለ ሕመም እንደ ነውር በሚቆጠርበት ጊዜም ስለ ሁኔታው በግልጽ ተናገረ። በ1994 በታየው የመጨረሻ ዙር አቅሙ በመድከሙ፣ በአንዱ ክፍል የሆምስ ወንድም ማይክሮፍት ምርመራውን ተክቶ እንዲያካሂድ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት በ61 ዓመቱ ለንደን ውስጥ በልብ ድካም አረፈ።

ትሩፋት

ስድሳዎቹን የሆምስ ታሪኮች በሙሉ የመቅረጽ ምኞቱ አልተሳካም፤ የተጠናቀቁት 41 ክፍሎች ናቸው። ሆኖም ብዙ አንባቢዎች ለመጽሐፉ ይበልጥ የቀረበው ሆምስ የእሱ እንደሆነ ያምናሉ። በድራማው ምስጢሩ በየክፍሉ ይፈታል፤ የመርማሪው ጭንቀትና የወዳጁ ታማኝነት ግን ከክፍል ወደ ክፍል ይቀጥላሉ። የወንጀሉን መፍትሔ አስቀድመው የሚያውቁ ተመልካቾችም ዛሬ ድረስ ደግመው ያዩታል።