ለሌባ የታሰበው ሰማያዊ መርጨት

ፍራፍሬ ላይ የሚረጭ ፀረ-ፈንገስ ኬሚካል ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ይጦዛል። አንዱ መርዝ ነው ይላል፣ ሌላው ያለሱ ምርት የለም ይላል። እኔ ግን ነገሩ የገባኝ የአንድ ሰው ታሪክ ሳነብ ነው። ፒየር ማሪ አሌክሲስ ሚያርዴ ይባላል፣ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው።

ሚያርዴ እ.ኤ.አ. በ1838 ተወለደ። ጀርመን አገር ሃይደልበርግና ፍራይቡርግ ተምሮ በስትራስቡርግ ማስተማር ጀመረ። ከተማዋ በጦርነት በጀርመን እጅ ስትወድቅ ወደ ናንሲ፣ በ1876 ደግሞ ወደ ቦርዶ ተዛወረ።

ቦርዶ የደረሰው በክፉ ጊዜ ነበር። ከአሜሪካ የገባ ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ የወይኑን ሥር እየመጠጠ እርሻውን ያደርቀው ነበር። መድኃኒቱ የፈረንሳይን ወይን ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ መከተብ ሆነ። ይሁንና በ1878 ሌላ የአሜሪካ እንግዳ ታየ፤ ዳውኒ ሚልዲው የሚባል፣ ቅጠል አድርቆ የሚያራግፍ ሻጋታ መሰል በሽታ።

በ1882 መጸው ሚያርዴ ሜዶክ በሚባለው አካባቢ ሲዘዋወር አንድ ነገር ዓይኑን ሳበው። መሃል ያለው ወይን ቅጠሉ ረግፏል፣ መንገድ ዳር ያለው ግን ለምለም ነው። የእርሻውን ኃላፊ ኧርነስት ዳቪድን ጠየቀ። ምክንያቱ ሌባ ነበር! መንገደኛ ፍሬውን እንዳይቀጥፍ ኮፐር ሰልፌትና ኖራ በጥብጠው ይረጩበታል፤ ቀለሙም ጣዕሙም ያስጠላል።

ሚያርዴ ከዳቪድና ከኬሚስቱ ዩሊስ ጋዮን ጋር ውህዱን ፈትሾ በ1885 ውጤቱን ይፋ አደረገ። ዛሬም ቦርዶ ሚክስቸር እየተባለ ይረጫል።

እኔን የማረከኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሚያርዴና ጋዮን በዚያው ዓመት የጠጪውን ጥያቄ አነሱ፤ መዳቡ ሰው ሆድ ይገባል ወይ? ቅጠሉን፣ ፍሬውን፣ ወይን ጠጁን መረመሩ። ጠጁ ውስጥ የተገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ሲብላላ አብዛኛው መዳብ ከአተላው ጋር ወደ ታች ይወርዳል።

እሺ፣ ጠጪው ተረፈ። አፈሩስ? መዳብ ንጥረ ነገር ስለሆነ አይበሰብስም። ዝናብ ከቅጠል አጥቦ መሬት ላይ ያወርደዋል፣ እዚያው ይከማቻል፣ ሲበዛ የምድር ትሎችንና ረቂቅ ሕዋሳትን ይጎዳል። በ2018 የወጣ ጥናት በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የወይን እርሻ አፈር ውስጥ በአማካይ በኪሎ 49 ሚሊግራም መዳብ አግኝቷል፤ የሁሉም አፈር አማካይ ወደ 17 ነው። ረጪዎቹም አልተረፉም፤ ፖርቱጋል ውስጥ የሳንባ በሽታቸው በ1969 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ኤክስተርናሊቲ የምንለው ይህንን ነው። ትርፉን የዚያ ዓመት ገበሬ ይወስዳል፣ ዕዳውን የልጅ ልጁ መሬት ይከፍላል፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ዋጋ ስለዚህ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ሕግ ገባበት፤ ከ2019 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ መዳብ በላይ መርጨት አይቻልም። ገደቡ ኦርጋኒክ እርሻንም ይመለከታል። አዎ፣ ኦርጋኒክ ማለት ምንም ያልተረጨበት ማለት አይደለም።

ለእኛ ለበላተኞቹስ? መዳብ ከላይ የሚለጠፍ ስለሆነ በሚፈስ ውሃ ማጠብ ይቀንሰዋል። ከዘመኑ ፀረ-ፈንገሶች ብዙዎቹ ግን ተክሉ ውስጥ ስለሚሰርጉ ማጠብ ብቻውን አይበቃቸውም። እዚያ ላይ ወሳኙ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ መጠበቅ ያለባቸው ቀናት መከበራቸው ነው። ይህንን ደግሞ ሸማች በዓይኑ አይቶ አያውቀውም፤ የሚለካ ላቦራቶሪና የሚቆጣጠር አካል ያስፈልገዋል።

ሚያርዴ በ1902 እዚያው ቦርዶ አረፈ። መርጨቱን ሁሉም ወረሰለት። እኔ ግን እንድንወርስለት የምፈልገው መለካቱን ነው፤ ሰው አፍ ከመድረሱ በፊት፣ አሁን ደግሞ አፈሩንም ጨምሮ።