ስለ እቴጌ እሌኒ ሃይማኖትና ተስፋ

ደብራችን የኢዮቤልዩዋን በዓል በምታከብርበት በዚህ ዓመት፤ ለመታሰቢያ በሚታተመው መጽሐፍ ውስጥ አንዳች ነገር እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፤ ስለ ማን ልጻፍ ብዬ ብዙ ቀን አሰብሁ። ምሥራቅ ጎጃም የደጋግ ሰዎች ስም የማይጎድልባት አገር ናት። በብቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ደብረ ወርቅ ማርያም አለች፤ በሞጣም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል እንዳሠሩት የሚነገርለት ጊዮርጊስ አለ። ነገር ግን ልቤ ደጋግሞ ወደ አንዲት ሴት ተመለሰ። እኒህም ሴት ከጎጃም ያልተወለዱ፤ ከክርስቲያን ወገንም ያልተወለዱ፤ ሆኖም በመካከላችን በመርጡለ ማርያም የተቀበሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው።

ስለ እርሳቸው ስጽፍ ዓመቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

እሌኒ የሐዲያው ገዢ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበሩ። ሐዲያ በዚያ ዘመን የእስልምና ሃይማኖት የጸናበት፤ ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥትም የሚገብር አገር ነበር። የባላባት ልጅ ለጋብቻ ስትሰጥ ፈቃዷን የሚጠይቃት ሰው በዚያን ጊዜ አልነበረም። ግብር ከአገር ወጥቶ ወደ ቤተ መንግሥት እንደሚሄድ፤ ብላቴናይቱም እንደዚሁ የሰላም መያዣ ሆና ከ1426 እስከ 1460 ዓመተ ምሕረት ወደ ነገሡት ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤት ገባች። ተጠመቀችና ክርስቲያን ሆነች፤ ስሟም መስቀሉን ፈልጋ ባገኘችው በንግሥት እሌኒ ስም ተጠራ። ከዚያም ቀኝ በዓልቲሐት ተባለች፤ ይህም ከንጉሡ ሚስቶች መካከል በቀኝ የምትቀመጠው የምትጠራበት ማዕርግ ነው።

እንግዲህ እኔን ያቆመኝ ነገር ይህ ነው። ይህች ልጅ ሃይማኖቷን መርምራ፤ መምህር ጠይቃ፤ ወድዳ አልመጣችበትም፤ ሌሎች ሰዎች ስለ መንግሥት ጉዳይ በተዋዋሉት ውል ወደ እርሱ ተወሰደች እንጂ። በሰው ፈቃድ የተጀመረ ክርስትና እንዴት የራስ ይሆናል? ይህ ጥያቄ ስለ እርስዋ ብቻ የተጠየቀ አይምሰላችሁ። እኛም ወንዶቹ በአርባ ቀን፤ ሴቶቹ በሰማንያ ቀን በሌላ ሰው እቅፍ ሆነን ስንጠመቅ ማንም ፈቃዳችንን አልጠየቀንም። ክርስትና አባታችን ወይም ክርስትና እናታችን ስለ እኛ መለሱ፤ እኛ ግን አለቀስን። ስለዚህ የእሌኒ ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነው፤ የሚለየን እርስዋ ለማስታወስ በሚበቃ ዕድሜ መድረስዋ ነው።

የእቴጌዪቱ መከራ ሩቅ አልነበረም። የገራድ መሐመድ ልጅ፤ ወንድማቸው ማሂኮ፤ በአባቱ ፈንታ ገራድ በሆነ ጊዜ ለንጉሡ አልገብርም ብሎ ሸፈተ። ንጉሡም ሹመቱን ለአጎቱ ለባሞ ሰጡት። ማሂኮ ወደ አዳል ሸሸ፤ የንጉሡ ጭፍሮች ግን ተከታትለው ገደሉት፤ መገደሉም እንዲታመን ራሱንና እጅ እግሩን ቆርጠው ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ላኩ። ዜና መዋዕሉ ይህን እንደ ድል ይተርከዋል። እኔ ግን ባነበብሁት ቍጥር በዚያው ግቢ፤ በንጉሡ ቀኝ የተቀመጡትን የሟቹን እኅት አስባለሁ። የነገሥታት ታሪክ ጸሐፊዎች ምርኮን ይቈጥራሉ፤ የሴት እንባ ግን በመዝገባቸው አይገባም።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለሃይማኖት ታላቅ ቅንዓት የነበራቸው፤ መጻሕፍትንም የደረሱ ንጉሥ መሆናቸውን ካህናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ቅንዓታቸው በመጨረሻው ዘመን ወደ ጭካኔ ያዘነበለ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ከሚስቶቻቸው አንዷ ጽዮን ሞገሳ ልጅዋን በዕደ ማርያምን ልታነግሥ ትመክራለች ተብላ ተከሰሰችና በንጉሡ ትእዛዝ ተገረፈች፤ ከግርፋቱም የተነሣ ሞተች። ልጁም ታስሮ ተገረፈ። ያ ልጅ በ1460 ዓመተ ምሕረት በነገሠ ጊዜ እሌኒን እንደ ወለደችው እናቱ አድርጎ አከበራቸው፤ ወደዳቸውም።

በዚህ ቦታ ትንሽ እንቆይ። አንዱ እናቱን ያጣ፤ ሁለተኛዪቱ ወንድሟን ያጣች፤ የሁለቱም ኀዘን ከአንድ ሰው እጅ የመጣ። እሌኒ ልጅ አልወለዱም ነበር። ኀዘን ሰውን ብዙ ጊዜ ያመርረዋል፤ በግቢ ውስጥ ለሚኖር ሰው ደግሞ በቀልን ለመበቀል አጋጣሚ አይጠፋም። እርሳቸው ግን ያልወለዱትን ልጅ በእናትነት ተቀበሉት። ክርስትናቸው የራሳቸው የሆነበትን ቀን ማንም ቈጥሮ ሊነግረን አይችልም፤ ብጠየቅ ግን በዚህ ግድም ነው እላለሁ። ጥምቀቱ ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ተፈጽሟል፤ ፍሬው ግን እዚህ ታየ።

የበዕደ ማርያም ዜና መዋዕል ጸሐፊ ስለ እሌኒ ሲናገር በሁለት ወገን ያመሰግናቸዋል። በእግዚአብሔር ፊት ጽድቅን የሚሠሩ፤ በሃይማኖት የጸኑ፤ በጸሎትና ሥጋ ወደሙን በመቀበል የሚተጉ መሆናቸውን ይናገራል። በዓለም ሥራም የንጉሡን ማዕድ ማዘጋጀት፤ ሕግንና ሥርዐትን፤ መጻሕፍትንም የሚያውቁ እንደ ነበሩ ይመሰክራል። ይህን ጸሐፊ ስለ አንድ ነገር አመሰግነዋለሁ፤ ማዕዱንና ቍርባኑን በአንድነት መጻፉ ነው። ብዙዎቻችን መንፈሳዊነት ከወጥ ቤት ርቆ በገዳም ብቻ የሚገኝ ይመስለናል። እሌኒ ግን ወደ እግዚአብሔር የቀረቡት እንግዳ እየተቀበሉ፤ ዳኝነት እየሰሙ፤ ሎሌዎችን እያዘዙ ነው።

የመጻሕፍትንም ነገር ልጨምር። የፖርቱጋሉ ጸሐፊ ዳሚያን ደ ጎይሽ እኒህ ንግሥት ሁለት መጻሕፍት እንደ ደረሱ ጽፏል፤ አንደኛው እንዚራ ስብሐት የተባለው፤ ስለ ቅድስት ሥላሴና ስለ እመቤታችን ድንግልና የሚናገረው ነው፤ ሁለተኛውም ስለ እግዚአብሔር ሕግ የተጻፈ ነው። ከሐዲያ የመጣች ልጅ ግእዝን ተምራ፤ ተምራም አልቀረች፤ በግእዝ አመሰገነች። በቅኔ አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ መንገር አያስፈልግም። የሴት ትምህርት ከንቱ ነው የሚል ሰው ዛሬም በሰፈራችን አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው ሰው ከጥንቱ እሌኒን፤ ከቅርቡም በዚሁ በጎጃም የቅኔ መምህር የነበሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስብ።

በዕደ ማርያም በ1470 ዓመተ ምሕረት ዐረፉ። ከዚያ በኋላ እስክንድር፤ ጥቂት ወራት ብቻ የነገሠው ሕፃኑ ዐምደ ጽዮን፤ ናዖድም በየተራ ነገሡ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግቢው በመኳንንት ክርክር ይታወክ ነበር፤ ዝርዝሩን ሌሎች ጽፈውታልና አልደግመውም። ናዖድ በ1500 ዓመተ ምሕረት በሞቱ ጊዜ እሌኒ አርጅተው ነበር። ከጳጳሱ ከአቡነ ማርቆስ ጋራ ተማክረው የ12 ዓመት ያህል ልጅ የነበረውን ልብነ ድንግልን አነገሡ፤ እስኪያድግም ድረስ መንግሥቱን ጠበቁለት። እንዲህ ሆኖ ከዘርዐ ያዕቆብ ጀምሮ ስድስት ነገሥታትን አዩ።

የተስፋቸው ነገር በይበልጥ የሚታየው በዚህ በእርጅናቸው ዘመን ነው። ሽማግሌ ሰው አልጋውን አስተካክሎ ሞቱን ይጠብቃል እንጂ አዲስ መንገድ አይጀምርም ይባል ይሆናል። እርሳቸው ግን ከጎረቤት እስላሞች ጋራ ሰላም እንዲጸና ቢደክሙም፤ ሊመጣ የሚችለውን መከራ አርቀው አዩ። በ1501 ዓመተ ምሕረት ገደማ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ወደ ፖርቱጋሉ ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላኩ፤ ከደብዳቤውም ጋራ ከጌታችን መስቀል ግማድ ሰጥተው ሰደዱት። የስማቸውን ነገር አስታውሱ፤ የመጀመሪያዪቱ እሌኒ መስቀሉን ከአፈር ውስጥ አወጣች፤ ይህችኛዋም ከግማዱ ከፍላ ባሕር አሻገረችው።

ማቴዎስ በ1505 ጎዋ፤ በ1506 ሊዝቦን ደረሰ። በመንገድ ሰላይ ነው ተብሎ ብዙ ተንገላታ፤ የመርከቦቹም አለቆች አሰሩት። ንጉሡ ማኑኤል ግን ግማደ መስቀሉን በታላቅ ክብር ተቀበለ። መልሱን የያዙት መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት በ1512 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ማቴዎስም የአገሩን አፈር ከረገጠ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው በደብረ ቢዘን አጠገብ ሞተ። አንዲት አሮጊት አንድ ደብዳቤ ልካ መልሱን 11 ዓመት ጠበቀች ማለት ነው። መልሱም በመጣ ጊዜ ደስታው ሙሉ አልነበረም። ወጣቱ ንጉሥ የአዳሉን የጦር አለቃ ማሕፉዝን ድል ነሥተው ልባቸው ኰርቶ ነበርና፤ ማቴዎስን እኔ አልላክሁትም አሉ፤ መልእክተኞቹንም ብዙ አዘገዩአቸው። የእሌኒም ምክር እንደ ቀድሞው አልተሰማም።

እቴጌዪቱ በ1514 ዓመተ ምሕረት ገደማ ዐረፉ። ከመልእክተኞቹ ጋራ የመጣው ቄስ አልቫሬዝ በዚያን ጊዜ በአገራችን ነበርና የሕዝቡን ልቅሶ ጽፏል። እርስዋ ከሞተች ትልቁም ትንሹም ሞተ፤ የሁሉ አባትና እናት እርስዋ ነበረች እያሉ ያለቅሱ እንደ ነበር ይናገራል። ልጅ ያልወለዱት ሴት በዚህ ስም ተለቀሱ።

አሁን ወደ መርጡለ ማርያም ልመለስ። ጎጃም የእሌኒ ርስት ነበረች፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ያሠሩት በዚሁ ርስታቸው ነው። አልቫሬዝ እንደ ጻፈው በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን የኖረው ፖርቱጋላዊ ፔሮ ዳ ኮቪልያ መንበሩ ሲሠራ እንዲረዳ ወደዚያ ተልኮ ነበር፤ መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ ተለበጠ፤ በላዩ የሚያርፈውም ጽላት ጥሩ ወርቅ ነበር።

ወርቁ ግን አልቈየም። ሽምብራ ኵሬ ላይ ጦራችን በ1521 ዓመተ ምሕረት ከተሸነፈ በኋላ የግራኝ አሕመድ ሠራዊት አገሩን ሁሉ ሲያጠፋ መርጡለ ማርያምም ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። ከእቴጌዪቱ ዕረፍት እስከዚያ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላም። በሌላ ወገን ደግሞ ያ የአሮጊቲቱ ደብዳቤ የከፈተው መንገድ አልተዘጋም ነበርና፤ በ1533 ዓመተ ምሕረት ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ይዞ መጣ፤ በ1535ም ዐፄ ገላውዴዎስ በወይና ደጋ ድል አደረጉ። እርሳቸው ያሠሩት ሕንጻ ፈረሰ፤ የዘሩት ዘር ግን በሌሎች ዘመን በቀለ፤ ሁለቱንም በዓይናቸው አላዩም።

እኛ ዛሬ ለኢዮቤልዩው ስንዘጋጅ ስለ ጣራና ስለ ቀለም፤ ስለ ደጀ ሰላሙም አጥር ብዙ ተከራክረናል። እኔም ከተከራከሩት አንዱ ነኝና ማንንም አልወቅስም፤ የእግዚአብሔርን ቤት ማሳመር የሚገባ ነገር ነው፤ እሌኒም አሳምረዋል። ነገር ግን ስለ እርሳቸው ሳነብ በወርቁ መንበር ፊት የቆሙበትን ሰዓት ሁሉ አስባለሁ፤ ያን እሳት አላገኘውም።

ከብቸና ደብረ ወርቅን አልፎ፤ ወይም ከሞጣ ወርዶ ወደ ግንደ ወይን የሚደርስ መንገደኛ፤ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ ወደ መርጡለ ማርያም ይወጣል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ፍርስራሹን አድሰውት ነበር፤ እርሱም ተመልሶ ፈረሰ። እንግሊዛዊው ቤክ በ1834 ዓመተ ምሕረት አይቶ ስለ ፍርስራሹ ጽፏል። እኔም በልጅነቴ በወር በገባ በ21 ቀን ከዘመዶቼ ጋራ ሄጄ፤ በአበባና በሐረግ የተቀረጸውን ድንጋይ በእጄ ዳስሼ፤ ማን እንዳሠራው ሳላውቅ ጣቴን በጥርቡ ውስጥ ስሰድ አንድ ሽማግሌ ዲያቆን ገሠጸኝ፤ ኋላም ራርቶ የእቴጌዪቱን ስም ነገረኝ። ከፍርስራሹ ግድግዳ አጠገብ በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዓታቱ ገና አላለቀም ነበር፤ ያረጁ ሴቶችም ነጠላቸውን ተከናንበው በዚያ ቅርጽ ባለው ድንጋይ ላይ ተደግፈው ይጸልዩ ነበር።