ንጉሡን ስለወደድነው ብቻ

ባለፈው ሰሞን አንድ የታሪክ መጽሐፍ ሳልጨርሰው፣ ምርጥ ነው ብዬ ለጓደኞቼ በቴሌግራም ላክሁ። ለምን? የምወደውን ንጉሥ ያሞግሳላ! ኋላ የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝን ታሪክ ሳነብ አፈርኩ።

ገብረሕይወት በፈረንጆቹ 1886 አድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ከአፄ ዮሐንስ ጋር ዘምተው መተማ ላይ ወደቁ። እሳቸው ገና ልጅ ሳሉ ከምፅዋ በመርከብ ተነሥተው አውሮፓ ገቡ፤ ጀርመንኛም ተማሩ። አገር ቤት ተመልሰው በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ።

አፈወርቅ ገብረኢየሱስ በ1909 ሮም ላይ የምኒልክን ታሪክ አሳተሙ። ንጉሡ ገና በሕይወት አሉ፤ መጽሐፉን መንቀፍ ቀላል አልነበረም። ገብረሕይወት ግን በ1912 አስመራ ላይ በታተመ ጽሑፋቸው ደፍረው መዘኑት። ታሪክ ጸሐፊ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል አሉ፦ የተደረገውን የሚያስተውል ልቦና፣ የማያዳላ ፍርድ፣ የጠራ ቋንቋ። አፈወርቅ ሁለተኛው ላይ ወደቁባቸው።

በ1919 ገና በወጣትነታቸው አረፉ። ሚዛናቸው ግን ዛሬም ይሠራል። እኔ የላክሁትን አጥፍቼ መጽሐፉን እንደገና ጀመርኩ፤ አሁን የማየው ጸሐፊው የማይወደውን ሰው እንዴት እንደጻፈው ነው። እናንተስ?