አንድ እጁን ያጣው ጄኔራል እና የእትዬ ሹራብ

ላንጋኖ ሄዶ ሹራብ የሚሠራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ጓደኞቼ ቡናማው ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ እኔ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ የሠራሁትን እጅጌ እፈታ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ! አመሻሽ ላይ ያ የታወቀው የላንጋኖ ነፋስ ተነስቶ የክር ኳሴን አሸዋው ላይ ሲያንከባልልብኝ የሳቁትን ሳቅ አልረሳውም።

ሹራቡ የእትዬ ነው። እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ የሚኖሩት ባቱ ነው (እኛ ቤት አሁንም ዝዋይ ነው የሚባለው)። አምና ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ትከሻቸው አልነሳ ብሏል። በአናት የሚጠለቅ ሹራብ የማይታሰብ ነው። ፊቱ በቁልፍ የሚዘጋውም ቢሆን እጅጌው ጠበብ ካለ ሰው ካላለበሳቸው አይሆንም። ሰው መጠበቅ ደግሞ ለእሳቸው ከሕመሙ ይብሳል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ብርዱን ችለው በነጠላ ብቻ ይቀመጣሉ። ብቻቸውን የሚለብሱት ካርዲጋን ልሠራላቸው ቃል ገባሁ። ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሹራብ መሥራቴን አትጠይቁኝ፤ ረጅም ታሪክ ነው።

ችግሩ ብብት ላይ ነው። በተለመደው አሠራር የሹራቡ አካል ብብት ላይ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል፤ እጅጌው ደግሞ አናቱ ላይ እንደ ደወል ይሾጥጥና እዚያ ጉድጓድ ላይ ይሰፋል። የሁለቱ ጠርዝ ርዝመት እኩል ወይም እጅጌው በጥቂቱ ብቻ የሚበልጥ መሆን አለበት። የእኔ እጅጌ በብዙ በለጠ። ትከሻው ላይ ተጨማዶ እንደ ፊኛ ተነፋ። አቅርቦት ከፍላጎት ሲበልጥ ምን እንደሚሆን አራት ዓመት ተምሬ በሹራብ ነው የገባኝ።

እጅጌ ስፈልግ ስፈልግ ራግላን የሚባል ዓይነት አገኘሁ። ትከሻ ላይ ስፌት የለውም። እጅጌው በቀጥታ እስከ አንገት ይሄዳል፤ ስፌቱ ከብብት ተነስቶ ሰያፍ ወደ አንገት ይወጣል። ብብቱ ሰፊ ነው፣ ክንድ ሳይነሳ ይገባል። ስሙ የሰው ስም መሆኑን ሳይ ግን መርፌዬን አስቀምጬ ስለ ሰውዬው ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ሌሊት ሙሉ አነበብኩ።

ፊትዝሮይ ሶመርሴት እንግሊዝ አገር ውስጥ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1788 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የቦፎርት መስፍን ነበር። ልጁ ግን የመጨረሻው ወንድ ልጅ ስለሆነ ርስቱም ማዕረጉም አይደርሰውም። እንደዚህ ዓይነት ልጅ ያኔ ያለው ምርጫ ቤተ ክህነት ወይም ጦር ሠራዊት ነው። በ1804፣ ገና በ16ኛ ዓመቱ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ገባ። በ1808 የኋላው የዌሊንግተን መስፍን ረዳት ሆኖ ፖርቱጋል ዘመተ። ከዚያ በኋላ ከዌሊንግተን ጎን አልጠፋም፤ ጸሐፊው ሆነ፣ በ1814 ደግሞ የወንድሙን ልጅ ኤሚሊን አገባ።

ሰኔ 18 ቀን 1815 ዋተርሉ። ናፖሊዮን የመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈበት ጦርነት ላይ፣ ቀኑ ሊመሽ ሲል አንድ ጥይት የሶመርሴትን ቀኝ ክርን ሰበረው። ማደንዘዣ ገና አልተለመደም። ክንዱ እንዲሁ በቁሙ ተቆረጠ። እንደሚተረከው ድምፅ አላሰማም፤ እዚያው ክፍል ቆስሎ የተኛው የኦራንዥ ልዑል እንኳ ምን እየተካሄደ እንደሆነ አላወቀም ይባላል። ያወቀው ሶመርሴት የተቆረጠው ክንዱ እንዲመለስለት ሲጠይቅ ነው። ሚስቱ የሰጠችው ቀለበት ጣቱ ላይ ነበራ!

ሰውዬው 26 ዓመቱ ነው። ሥራው ደግሞ መጻፍ ነው። ብዙም ሳይቆይ በግራ እጁ መጻፍ ለመደና ወደ ሥራው ተመለሰ። እዚህ ጋ ስደርስ እትዬ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም በግራ እጃቸው ስልክ መደወል የለመዱት በሁለት ወር ነው።

ቀጣዩን ዘመኑን በአጭሩ ልለፈው፤ በአብዛኛው ቢሮ ነው። ለትንሽ ጊዜ ፓርላማ ገባ፣ ከ1827 እስከ 1852 ለንደን ላይ የጦሩ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ፣ በ1852 ዌሊንግተን ሲሞት ሎርድ ራግላን የሚል ማዕረግ አገኘ። በትሕትናው የሚወደድ፣ ፋይል የሚችል፣ ግን ጦር መርቶ የማያውቅ ሰው። በ1854 ብሪታንያና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው ሩሲያን ሊወጉ ወደ ክሪሚያ ሲዘምቱ፣ የእንግሊዝን ጦር እንዲመራ የተላከው እሱ ሆነ። 65 ዓመቱ ነበር። ከወጣትነቱ ልማድ የተነሳ ጠላትን ፈረንሳዮቹ እያለ ይጠራ ነበር አሉ። ፈረንሳዮቹ ግን አሁን አጋሮቹ ናቸው፣ አጠገቡ ቆመው ይሰሙታል።

ጥቅምት 25 ቀን 1854 ባላክላቫ ላይ የሆነውን ኢንፎርሜሽን አሲሜትሪ ለሚማር ሁሉ ምሳሌ አድርጌ ብሰጠው ደስ ይለኛል። ራግላን ከፍታ ላይ ሆኖ ሩሲያውያን የማረኳቸውን መድፎች ሊወስዱ ሲሉ ያያል። ፈረሰኞቹ እንዲያስጥሉ ትእዛዝ በወረቀት ላከ። ፈረሰኞቹ ግን ሸለቆ ውስጥ ናቸው፤ እሱ የሚያየውን አያዩም። ወረቀቱ ደግሞ የትኞቹን መድፎች እንደሆነ በግልጽ አይናገርም። ለእነሱ የሚታዩት መድፎች ሸለቆው ጫፍ ላይ የተጠመዱት የሩሲያ መድፎች ብቻ ነበሩ። ወደ 670 የሚጠጉ ፈረሰኞች በግራም በቀኝም በፊትም እየተተኮሰባቸው በቀጥታ ወደ እነዚያ ጋለቡ። ከመቶ በላይ ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። ከፊት ሆኖ የመራቸው ማን መሰላችሁ? ሎርድ ካርዲጋን። አዎ፣ የምሠራው ሹራብ ስም የመጣው ከዚያ ሰውዬ ነው። ቦታው ባላክላቫ ደግሞ ፊትን ሸፍኖ ዓይን ብቻ ለሚያሳየው ቆብ ስም ሆኗል። ከአንድ ጦርነት ሦስት ልብስ!

ከጥይቱ ይልቅ ጦሩን የጨረሰው ብርድና በሽታ ነው። ኅዳር 14 ቀን በተነሳ ማዕበል የክረምት ልብስ የጫነችው ፕሪንስ የምትባል መርከብ ሰጠመች። በኋላ የመጣውም ዕቃ ወደብ ላይ ተከመረ፤ ከወደቡ እስከ ሰፈሩ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር መንገድ ጭቃ ስለሆነ የሚያወጣው ጠፋ። ወታደሩ ኮረብታ ላይ በብርድ ያልቃል፣ ካፖርቱ ወደብ ላይ ይበሰብሳል። ለንደን ያሉ ጋዜጦች ራግላንን ወቀሱ፣ ጥር መጨረሻ ላይ የጠቅላይ ሚኒስትር አበርዲን መንግሥት ወደቀ። መንገድና ማጓጓዣ ሁሉ በእሱ እጅ ብቻ አልነበረም። ግን ሠራዊቱ የእሱ ነው፤ እኔ ሙሉ በሙሉ ነፃ ላወጣው አልችልም።

እጅጌውስ? ሁለት ነገር ይተረካል። አንዱ ልብስ ሰፊዎች እጅ ለሌለው ጄኔራል እንዲመቸው ብለው አስበውት ነው የሚል ነው። ሌላው ወታደሮች ከብርዱ ለማምለጥ ከጆንያና ከብርድ ልብስ ቀደው ከለበሱት የመጣ ነው ይላል። ለእትዬ ስል የመጀመሪያውን መርጫለሁ።

ሰኔ 18 ቀን 1855፣ ክንዱን ባጣ ልክ በ40ኛ ዓመቱ፣ ራግላን ሴባስቶፖልን ለመያዝ ያስጀመረው ጥቃት ከሸፈ። አስር ቀን ቆይቶ እዚያው ሰፈር ውስጥ በተቅማጥ በሽታ ሞተ። አስከሬኑ ወደ አገሩ ባድሚንተን ተወስዶ ተቀበረ።

ሴባስቶፖል የሚለው ስም ጆሯችሁ ላይ አላቃጨለም? አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት፣ ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነው፣ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት የተጎተተው መድፍ ስም ነው። ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከበባ ነው። ቴዎድሮስ የነገሡት በ1855 ነው፤ ራግላን በሞተበት ዓመት። ሎርድ ካርዲጋን የሞተው ደግሞ መጋቢት 28 ቀን 1868፣ አጼው መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከመሠዋታቸው 16 ቀን በፊት። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የመድፉን ምስል ስንት ጊዜ በታክሲ አልፌዋለሁ፤ ከሹራብ ጋር ይገናኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። በእኔ ክር 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ወደ ጎን 20 ቀለበት፣ ወደ ላይ 28 ረድፍ ነው። ለእትዬ ብብቱን ጠለቅ አድርጌ 23 ሴንቲ ሜትር አልኩ፤ 64 ረድፍ ማለት ነው። በየሁለት ረድፉ ከግራና ከቀኝ አንዳንድ ቀለበት ሲቀነስ 32 ጊዜ ይሆናል፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ 64 ቀለበት ይጠፋል። ጀርባው 104 ነው፤ ብብት ላይ ከየጎኑ አምስት ዘግቼ 94፣ ከዚያ 64 ስቀንስ አንገት ላይ 30 ይቀራል። እጅጌው 84፤ በተመሳሳይ መንገድ 10 ይቀራል። የሁለቱም ሰያፍ ጠርዝ እኩል 64 ረድፍ ስለሆነ ሲሰፋ የሚተርፍም የሚጎድልም የለም። መልበስ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚገባው የታመመው እጅ ነው፤ ሲወልቅ የመጨረሻው እሱ ነው።

እሁድ ከላንጋኖ ስንመለስ ባቱ ወረድኩ። ሹራቡ አንገት የለውም፣ ቁልፍም የለውም፣ ክሩ ተንጠልጥሏል። እትዬ ግራ እጃቸው ቀኙን ይዞ ወደ እጅጌው አስገቡት፤ ጀርባውን ወደ ላይ ጎተት አደረጉና ግራውን አስከተሉ። ልረዳቸው ስነሳ በዓይናቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄደው ራሳቸውን ካዩ በኋላ ቁልፎቹ ትልልቅ እንዲሆኑ አዘዙኝ። የሚቆልፉት በግራቸው ነው።