ኦሮማይን ማን እንዴት አነበበው?

የሃሪ ፖተር የመጨረሻ መጽሐፍ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የለንደንና የኒው ዮርክ ልጆች እኩለ ሌሊት ላይ መጻሕፍት መደብር ደጃፍ ተሰልፈው ነበር። ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ እያሉ ያለቀሱም ብዙ ናቸው። ደራሲዋ በዚያች ሌሊት በሰላም ተቀምጣ መጽሐፏን ለአንባቢ ትፈርም ነበር።

በእኛ አገር በ1975 ዓ.ም. አንድ በጣም የሚወደድ ደራሲ የመጨረሻ መጽሐፉን ሲያወጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አንባቢው መጽሐፉን ደብቆ፣ በሩን ዘግቶ ነው ያነበበው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ደግሞ ስለ ገጸ ባሕርያቱ መጠየቁን ትቶ ደራሲው ራሱ የት እንደገባ መጠያየቅ ጀመረ። ስለ በዓሉ ግርማ ነው የማወራችሁ። አብዛኞቻችሁ ስሙን የምታውቁት ከመጥፋቱ ጋር አያይዛችሁ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

በዓሉ የተወለደው በ1932 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ኢሉባቦር ውስጥ ሱጴ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት። ግርማ የሚለው ስም የወላጅ አባቱ አይደለም። ገና ልጅ ሳለ ለትምህርት አዲስ አበባ መጣ፤ ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት ገባ፣ ጎበዝ ስለነበር ጄኔራል ዊንጌትን አገኘ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። የተማሪዎቹን ጋዜጣ ሲያዘጋጅ ነው የጋዜጠኝነት አመል የያዘው። አሜሪካ ሄዶ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠራ። ሲመለስ መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ አዲስ ዘመንን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድን እየተዘዋወረ አዘጋጀ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም እኩል የሚጽፍ ሰው ነበር።

ልብ ወለዶቹ ተከታታይ አይደሉም፤ እንደ ሃሪ ፖተር ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት የላቸውም። ግን አከታትሎ ያነበበ ሰው አንድ ሰውዬ ስም እየቀየረ የሚመላለስ ይመስለዋል። በ1962 በወጣው ከአድማስ ባሻገር ውስጥ አበራ ወርቁ አለ፤ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሠዓሊ መሆን የሚመኝ። በ1966 የወጣው የህሊና ደወል ውስጥ ሐዲስ ሳህሌ አለ፤ ገጠር ወርዶ ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚታገል መምህር። በዓሉ ይህንን መጽሐፍ በኋላ ሐዲስ ብሎ እንደገና ጻፈው። ደራሲው ውስጥ ያለው ሲራክ ደግሞ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን አስመስሎ የቀረጸው ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ሁሉም ከህሊናቸውና ከእንጀራቸው መሀል የተያዙ ሰዎች ናቸው። አንባቢ ይወዳቸው ነበር፤ ምክንያቱም ብዙው የከተማ አንባቢ ራሱ ቢሮ ውስጥ እንደዚያ ተይዞ ነው የሚውለው።

አንድ የማይወራ ነገር አለ። በዓሉ ተቃዋሚ አልነበረም። ከአብዮቱ በኋላ ዜና አገልግሎት ሠርቷል፣ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥም ቋሚ ተጠሪ ሆኗል። ያ ማለት ደርግ ለሕዝብ የሚናገርበት አፍ ውስጥ ማለት ነው። የቀይ ኮከብ ጥሪ የተባለው መጽሐፉም ከአብዮቱ ጎን የቆመ ነው። እና ኦሮማይ ሲወጣ ብዙ አንባቢ የጠበቀው ያንኑ የለመደውን ሰው ነበር።

የመጽሐፉ ጥንስስ በ1974 ነው። በዚያ ዓመት መንግሥቱ ኃይለማርያም ቢሮውን ጭምር ወደ አሥመራ አዛውሮ ሁለገቡን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጀመረ። በአንድ በኩል ኤርትራን መልሶ መገንባት፣ በሌላ በኩል ሻዕቢያን ናቅፋ ላይ መጨረስ ነበር ዕቅዱ። በዓሉ የዘመቻውን የፕሮፓጋንዳ ሥራ ይዞ ሄደ። ሥራው ዘመቻው እንደሚያሸንፍ ማሳመን ነበር። ዘመቻው አልተሳካም፤ ናቅፋ አልተያዘችም። ስንት ልጅ እዚያ ተራራ ላይ እንደቀረ የሚያውቁት ቤተሰቦቹ ናቸው። ከወሎ ገጠር ሳይቀር የሄዱ ነበሩ።

በዓሉ አዲስ አበባ ተመልሶ ያየውን ጻፈ። ዋናው ሰው ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ እጮኛውን ሮማንን ትቶ ለዘመቻው አሥመራ ይወርዳል፤ እዚያ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ዙሪያውን ሰላይ፣ ሴራ፣ ግብዣ፣ ስብሰባ ሞልቷል። ወደ መጨረሻው ናቅፋ አለ። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ያላነበበ ይኖራል። ርዕሱ የአሥመራ ሰዎች ከጣሊያንኛ የወሰዱት ቃል ነው፤ በቃ፣ አበቃ፣ ከእንግዲህ ምን ይደረጋል እንደማለት።

ችግሩ ገጸ ባሕርያቱ ላይ መጣ። ስማቸው ተቀይሯል እንጂ ባለሥልጣናቱ እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም ነበር። የሚፎክረው ማን ነው፣ የሚጠጣው ማን ነው፣ ፈርቶ ዝም የሚለው ማን ነው፤ ሁሉም ተለይቶ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ይህንን እንደ እንቆቅልሽ ነው የያዙት፤ እገሌ እገሌ ነው እየተባለ በሹክሹክታ ዝርዝር ይወጣ ነበር። ባለሥልጣናቱም አንባቢዎች ነበሩና ራሳቸውን አገኙት። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዓይነት አንባቢ ነበረው ማለት ነው፤ አንዱ ጎረቤቱን አግኝቶ የሚስቅ፣ ሌላው ራሱን አግኝቶ የሚናደድ። ሁለተኛው ሥልጣን ነበረው።

ያሳተመው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የመንግሥት ድርጅት ነበር፤ ይህ እስካሁን ይገርመኛል። መጽሐፉ በቀናት ውስጥ ከመደብር ተለቅሞ ተወሰደ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የተረፉት ቅጂዎች ግን ከቤት ወደ ቤት ዞሩ። ዋጋው ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ ወጣ። በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚይዘው፣ አንብቦ ለመጨረስ አንድ ሌሊት ብቻ የሚሰጠው፣ በፎቶ ኮፒ የሚያባዛው ሰው በዛ። መጽሐፍ ይዞ መገኘት ዋጋ የሚያስከፍልበት ዘመን ስለነበር፣ ኦሮማይን ለሰው ማዋስ ራሱ ያንን ሰው አምኜዋለሁ ማለት ነበር።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማታ በዓሉ ከቤቱ ወጣ። አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። 44 ዓመቱ ነበር። ባለቤትና ልጆች ነበሩት። እስከ ዛሬ መቃብሩ አይታወቅም።

ያ ዓመት ለእኛ ለላስታ ሰዎች በሌላ ነገር ነው የሚታወሰው። ዝናቡ ቀረ፣ አዝመራው ከሸፈ፣ ሰው ከየመንደሩ እየተነቀለ ወደ ቆረም ጎረፈ። በ1977 መስከረም አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በሰልፍና በመብራት ሲከበር የወሎ ገበሬ ልጆቹን እየቀበረ ነበር። በእኛ አካባቢ በዚያን ጊዜ ኦሮማይ ታገደ አልታገደ ያሳሰበው ሰው ብዙ አይመስለኝም፤ ሆድ ይቀድማል። እኔ ግን ሁለቱን ነጣጥዬ ማየት አልችልም። ናቅፋ ላይ የሆነው እንዳይነበብ የፈለገው መንግሥትና ቆረም ላይ የሆነው እንዳይታይ የፈለገው መንግሥት አንድ ነው።

እኔ ኦሮማይን ያነበብኩት በስልክ ነው፤ ላሊበላ ውስጥ። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ነበር። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ባንክ የለም። አንድ ጓደኛዬ ድሮ ያወረደው ፒዲኤፍ ነበረውና በብሉቱዝ ላከልኝ። ስልኩን በሶላር እየሞላን፣ ብርሃኑን ዝቅ አድርገን አነበብን። ሰው እንደዚያ ባለ ጊዜ ስለ ጦርነት ልብ ወለድ ያነባል ወይ? ያነባል። የጸጋዬ ሥራ ነው የያዘኝ፤ ያ በየቀኑ ድል ድል የሚል መግለጫ የሚያዘጋጅ ሰው። የሁሉንም ወገን መግለጫ በሬዲዮ እየሰማን፣ ደጃችን ላይ የምናየው ግን ሌላ ነበር። በዓሉ ያንን ክፍተት ያወቀው ከውጭ ሆኖ አይደለም፤ መግለጫው የሚጻፍበት ክፍል ውስጥ ሆኖ ነው። ለእኔ የመጽሐፉ ጉልበት እዚህ ጋ ነው።

በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በክልላችን ኢንተርኔት ተቋረጠና ፋይሎቹ እንደገና ከስልክ ወደ ስልክ መዞር ጀመሩ። አንዳንዱ ይህንን ከ1975ቱ ጋር ያመሳስለዋል። በከፊል እውነት ነው። ግን ያኔ መጽሐፉ ተከልክሎ ነበር፤ ከደርግ ውድቀት ወዲህ እንደገና ታትሟል፣ ይሸጣል። ኔት እያለ፣ ብር እያለ በቴሌግራም ፒዲኤፍ እየተቀባበሉ የጀግና አንባቢነት ስሜት መሰማት ትንሽ ያስቃል። ብትችሉ ግዙት፤ ለብር የከበደው ግን አንብቡ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።

ስለ መጽሐፉ ከእኩዮቼ ጋር ስንከራከር ናቅፋ ብዙም አይነሳም። ክርክሩ ሮማን ወይስ ፊያሜታ ነው። ወንዶቹ አብዛኞቹ ለፊያሜታ ሞተዋል። አንዲት ልጅ ግን በቁጣ የተናገረችው አይረሳኝም፤ ጸጋዬ ሁለቱንም ሴቶች በድሏል፣ ደራሲውም የሴቶቹን መልክ ለመንገር እንጂ ሐሳባቸውን ለመንገር አልደከመም የሚል ነበር። እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ፊያሜታ ከጸጋዬ በላይ ሁኔታው የገባት ሰው ናት ብዬ አምናለሁ። ሮማን ላይ ግን ልጅቷ ልክ ናት። ሰላዮቹ ያሉበት ክፍልም አንዳንዴ ፊልም ፊልም ይላል። እንደ ሥነ ጽሑፍ ካያችሁት ከአድማስ ባሻገር የተሻለ ነው የሚል ሰው ቢመጣ አልጣላውም።

እንዲህ ያለ ክርክር ደስ የሚለኝ በዓሉን ደራሲ ስለሚያደርገው ነው። አሁን አሁን ኦሮማይ የአንድ ግድያ ፋይል መስሏል። የሚከፍተው ሰው የደራሲውን መጨረሻ አስቀድሞ ያውቃል፤ እያንዳንዱን አረፍተ ነገር ለዚህ ነው የገደሉት እያለ ያነባል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒው ዮርክ ታትሟል። ትልቅ ነገር ነው፤ 42 ዓመት ፈጅቶም ቢሆን። ነገር ግን የውጭ አንባቢዎችም ከልብ ወለዱ በፊት የሚሰሙት የደራሲውን መጥፋት ነው፤ ዜናው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ያንን ሳያውቁ ያነበቡ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ መጽሐፉ ከመደብር ከመለቀሙ በፊት በነበሩት ቀናት ገዝተው፣ አዲስ የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ ወጣ ብለው ደስ ብሏቸው፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው የገለጡት። ያኔ በዓሉ ቢሮው ነበር፣ ቀጣዩን ምን እንደሚጽፍ ይጠበቅ ነበር። እነዚያ አንባቢዎች ዛሬ ስልሳና ሰባ ዓመት ሆኗቸዋል። አንዳቸውን ባገኝ ስለ የካቲት 6 አልጠይቃቸውም። ፊያሜታ ጸጋዬን መጀመሪያ ስታገኘው ምን እንዳሉ፣ የት ገጽ ላይ ሲደርሱ ሻዩ እንደቀዘቀዘባቸው ነው የምጠይቃቸው።